«ምልክት» በእንግሊዝኛ ስንት ነው? ሳይን፣ ሲምቦል፣ ኤምብለም፣ ማርክ፣ ቶክን... ማን ያስረዳኝ

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ምለው፣ «ምልክት»ን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ በምን ነው ምትመርጡት? አንድ ትንሽ ኤግዚቢሽን አለ፣ እቃዎቹ ስር ሚለጠፉትን አጫጭር መግለጫዎች እንድተረጉም ተሰጥቶኝ ነው። አማርኛውን የጻፈው ሰው ሁሉንም «ምልክት» ብሎት አረፈ። ማተብ የክርስትና ምልክት ነው። አንበሳው የዘውዱ ምልክት ነው። ብራናው ላይ ከቃላቱ በላይ የዜማ ምልክቶች ይታያሉ። የኪስ ሰዓቱ የአክብሮት ምልክት ሆኖ የተበረከተ ነው። በሩ ላይ የጥይት ምልክት አለ። በአማርኛ አንዱም አይጎረብጥም! እንግሊዝኛው ላይ ግን ሁሉንም ሲምቦል ማለት እንደማይሆን ጆሮዬ ይነግረኛል፣ ለምን እንደማይሆን ግን በአፌ ማስረዳት አቃተኝ። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ሳይን ምንድነው ስትሉት ሲምቦል ነው ይላል፣ ሲምቦል ምንድነው ስትሉት ሳይን ነው ይላል። ልምድ ያላችሁ እስቲ።

ጉለሌ88፦
ቀላል ነው እኮ። ሳይን ሚነግርሽ ነው፣ ሲምቦል ሚወክል ነው። ጨረስኩ።

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
እሺ ማተብስ? ይነግራል ወይስ ይወክላል?

ጉለሌ88፦
ሃሃሃ እሱን ተዪኝ

ሲስተር_ቲ፦
ከኛ ሙያ ብትጀምሪ ይቀልሻል ሰናይትዬ፣ እኛ ጋ መስመሩ ቁልጭ ያለ ነው። በሽተኛው መጥቶ «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» ሲለኝ ያ ሲምፕተም ነው፣ እሱ ካልነገረኝ እኔ ላየው አልችልም። ቴርሞሜትሩን አድርጌለት 39 ሲል ወይ እግሩን ተጭኜው ጣቴ ገብቶ ሲቀር ያ ደሞ ሳይን ነው፣ እሱ ባይነግረኝም አገኘዋለሁ። ለዚህ ነው የሙቀት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽና የደም ግፊት ልኬቱ ቫይታል ሳይንስ (ሳይኖች ማለት ነው) ሚባለው፣ ቫይታል ሲምፕተምስ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደም ግፊትን ብታዪ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ነው ይዞት ሚዞረው፣ ሲምፕተም የለውም፣ ማሽኑ ላይ ግን ሳይኑ አለ። በአማርኛ ሁለቱንም «የበሽታው ምልክት» እንላለን፣ የጤና ትምህርት ፖስተር ስንሰራ ሁሌ ምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። ሲምቦል ደሞ እዚህ ሰፈር ጭራሽ አይገባም። ትኩሳት የወባ ሲምቦል ነው ብትይ የስእል ኤግዚቢሽን ያለሽ ነው ሚመስለው።

አሰልጣኝ_ሸገር፦
ሲስተር ጥሩ ጀመረችው እኔ ደሞ ከመንገድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመ አለም አቀፍ የመንገድ ስምምነት አለ፣ ርእሱ ራሱ ሮድ ሳይንስ ኤንድ ሲግናልስ ነው ሚለው፣ ሁለቱን ለይቶ። ለምን መሰላችሁ፣ ሳይን ቆሞ ያለ ሰሌዳ ነው፣ ቁም ሚለው ባለ ስምንት ማእዘኑ ቀይ ሰሌዳ ጠዋትም ማታም ያው ቁም ነው ሚልህ። ሲግናል ግን ይለዋወጣል፣ አሁን ላንተ ተብሎ ሚተላለፍ ነው፣ መብራቱ ቀይ ሆነ አረንጓዴ ሆነ፣ ፍሬቻ ሲግናል ነው፣ ትራፊኩ እጁን ሲያነሳ ሲግናል ነው። ሶስተኛ ደሞ አለ፣ አስፋልቱ ላይ የተቀባው ነጭ መስመርና ዜብራው፣ ያ ሳይንም ሲግናልም አይባልም፣ ማርኪንግ ነው፣ ስምምነቱ ለሱ የራሱን ምእራፍ ነው የሰጠው። እኛ «የመንገድ ዳር ምልክት፣ የትራፊክ መብራት፣ የመንገድ ቅብ» እያልን ነው ምናስተምረው ግን ተማሪው ሲያወራ ሶስቱንም ምልክት ብሎ ይገላገላል።

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
ማርኪንግ ስትል የበሩ ላይ ጥይት ትዝ አለኝ። እሱ ማርክ ነዋ?

አሰልጣኝ_ሸገር፦
አዎና። አንድ ነገር ገላ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ወረቀት ላይ ነክቶ ትቶት ሚሄደው ማርክ ነው። አስቦበት ይሁን ሳያስብ አይጠይቅም።

ኮድ_ጻፊው፦
እኔን ሚያዝናናኝ ኪቦርዱ ነው። ዩኒኮድ ሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ለያንዳንዱ ፊደልና ቅርጽ በእንግሊዝኛ ስም ሰጥቷል አይደል፣ ስሞቹን ስታያቸው የእንግሊዝ ጆሮ እንዴት እንደሚከፍል ይታይሃል። ጥያቄ ምልክት ኩዌስቸን ማርክ ነው፣ ቃለ አጋኖ ኤክስክላሜሽን ማርክ ነው። የመደመር፣ የእኩል ይሆናል፣ የፐርሰንት፣ የዶላር፣ የዩሮ... እነዚ ሁሉ ሳይን ናቸው። ግን ዩሮና ሌሎች የገንዘብ ቅርጾች አንድ ላይ የተቀመጡበት ክፍል በጅምላ ሲጠራ ከረንሲ ሲምቦልስ ነው ሚባለው! አንድ በአንድ ሳይን፣ በጅምላ ሲምቦል። ሂሳብም ላይ እንደዛው ነው። በተረፈ እኩል ይሆናል ሚለውን ሮበርት ሬኮርድ ሚባል የዌልስ ሰው ነው በ1557 ያመጣው፣ ከሁለት ትይዩ መስመር የበለጠ እኩል ሚሆን ነገር የለም ብሎ። ኬሚስትሪ ጋ ስትሄድ ግን ሁሌም ሲምቦል ነው፣ ለሶዲየም ኤን ኤ ብለህ ስትጽፍ ሳይን ሚልህ የለም።
የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ፧ ኢትዮፒክ ኩዌስቸን ማርክ ተብሏል፣ ፠ ደሞ ሴክሽን ማርክ። የዜማዎቹም አሉ፣ በ2005 ነው የተጨመሩት፣ ቶናል ማርክ ተብለው። ስለዚህ ሰናይት ላንቺ ዜማው ማርክ ነው ማለት ነው፣ ዝጊው።

የመሪጌታ_ልጅ፦
ኧረ አትዝጊው። ወንድሜ ኮድ_ጻፊው ያልከው ልክ ነው ግን ግማሹን ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ ሚባሉት ናቸው ዩኒኮድ ላይ የገቡት፣ እነሱ እንዴት እንደሚባል ያሳያሉ፣ ድምጹ የቱ ጋ እንደሚያዝ፣ የቱ ጋ እንደሚረገረግ፣ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ። ጭረትና ነጥብ ስለሆኑ ማርክ ቢባሉ አይከፋኝም። ነገር ግን ዜማ ቤት «ምልክት» ስንል ዋናው ሌላ ነው፣ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብእር ሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት ናቸው። ፊደሎቹ ከታወቀ ዜማ ቃል ላይ የተወሰዱ አጭር ናቸው፣ አንድ ወይ ሁለት ፊደል ሲያይ ተማሪው «ይሄ እንደዚያኛው ነው ሚዜመው» ብሎ ሙሉውን ያወጣዋል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፣ ምልክቱን ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ነው ከአባቶች ሚወርደው። ታድያ ያን ማርክ ብትይው ቧጥጦ ያለፈ ጭረት መሰለ፣ ሲምቦል ብትይው ደሞ ጉብኝት የመጣው ሰው «ምን ሚስጥር አለው?» ይልሻል። ፈረንጅ ተመራማሪዎቹም ኖቴሽናል ሳይንስ ይላሉ ወይ ጭራሽ «ምልክት» ሚለውን ስም እንዳለ በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እኔ ብሆን እንዳለ ነበር ምተወው።

ጋሽ_መኮንን፦
እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ጡረተኛ የቋንቋ መምህር ነኝና ብዙ ካወራሁ ይቅርታ።
መዝገበ ቃላቱ ክብ ዙረት ቢዞር አይገርምም፣ ቃሉን ሙያ ያደረጉት ሊቃውንትም አልተስማሙበትም። አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ፣ ከ1839 እስከ 1914 የኖረው ማለት ነው፣ ሳይንን የሁሉ እናት አደረገውና ከሥሩ ሦስት ልጆች አወጣ። በመልክ የሚመስለው አይከን፣ ሥዕልና ካርታ ዓይነቱ። በምክንያት የተያያዘው ኢንዴክስ፣ እሳትን የሚናገር ጭስ ወይም ጭቃ ላይ የቀረ ኮቴ። ሦስተኛው ደግሞ ሰዎች ስለተስማሙበት ብቻ የሚሠራው፣ እሱን ነው ሲምቦል ያለው። ቃላት ሁሉ በእሱ ዘንድ ሲምቦል ናቸው። የስዊሱ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ግን ተቃራኒውን ነው የተናገረው፣ በ1913 ካረፈ በኋላ ተማሪዎቹ ያዳመጡት ሌክቸር ተሰብስቦ በ1916 ሲታተም እንደተነበበው ማለት ነው። ለእሱ ቃል ሲምቦል አይባልም፣ ምክንያቱም ሲምቦል መቼም ቢሆን ፈጽሞ ባዶ አይሆንም፣ ከሚወክለው ነገር ጋር አንድ ቀጭን ክር አለችው፤ የፍትሕን ሚዛን አንሥተህ በቦታው ሠረገላ ብታስቀምጥ አይሆንም አለ። እንግዲህ አንዱ «በስምምነት ብቻ የቆመ» ያለውን ሌላኛው «በስምምነት ብቻ አይቆምም» አለው። ሁለቱን ደራርባችሁ ካነበባችሁ ራስ ምታት ነው።
በተራ እንግሊዝኛ ግን ሰው የሚያደርገው ልዩነት ይቺ ትመስለኛለች፦ ሳይን የሚያመለክተው ነገር እዚያው አጠገቡ አለ ወይም እየመጣ ነው። ሲምቦል የሚያመለክተው በዓይን የማይታይ ነው። ደመና የዝናብ ሳይን ነው፣ ማንም የዝናብ ሲምቦል አይለውም። ሰዓሊ ያንኑ ደመና ከአንዲት ሴት ራስ በላይ ቢስለው ግን የኀዘን ሲምቦል ይሆናል፣ ዝናቡ ይምጣ አይምጣ የሚጠይቅ የለም።
አማርኛም ደኻ አይደለም። ዓርማ አለን፣ ተምሳሌት አለን፣ ትእምርት አለን፣ መለያ አለን። ስንጽፍ እጃችን ወደ «ምልክት» ስለሚሮጥ ነው።

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ኧረ ምንም አላበዙም። የደመናዋ ነገር ገባችኝ። ግን እንዳሉት ከሄድን ማተብ የቱ ጋ ሊወድቅ ነው? ክርስትና በአይን አይታይም፣ ስለዚህ ሲምቦል። ግን ደሞ ክሩን ያሰረው ሰው እዛው አለ፣ የተጠመቀ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሳይን። ሁለቱም ልክ ሆኑብኝ።

ጉለሌ88፦
ባጅ በይው በቃ፣ ሚለበስ መለያ አይደል

የመሪጌታ_ልጅ፦
ጉለሌ ምን ነካህ! ባጅ ስብሰባ ላይ አንገትህ ላይ ሚንጠለጠለው ነው።

ሲልቨርስፕሪንግ_አቤ፦
በእንግሊዝኛ ባጅ ለእቃው ብቻ አይደለም፣ ባጅ ኦፍ ኦነር ሲሉ በኩራት ሚታይ ነገር ማለታቸው ነው፣ ሰው ያሰደበውን ነገር ራሱ ደረቱ ላይ እንደ ሽልማት ሲለጥፈውም ይሉታል። ግን የመሪጌታ ልጅ ሚለው ገብቶኛል። ባጅ ለሰው አይን ነው ሚደረገው፣ ፖሊስ ባጁን አውጥቶ ያሳይሃል። ማተብ ግን ስንቱ ሰው ከሸሚዙ ስር ነው ያደረገው፣ አያቴ ሙሉ እድሜዋን ያሰረችውን ማንም ልብ ብሎ አያየውም ነበር። ለራስህና ለፈጣሪ ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም። ማተቡን በጠሰ ስንል እኮ ክር ተበጠሰ ማለታችን አይደለም፣ ቃሉን አፈረሰ ነው። ስለዚህ ባጅ ይቅር።

ሲስተር_ቲ፦
ቃል ከሆነማ ቶክን አይሆንም? ቶክን ኦፍ ላቭ እንደሚሉት ቀለበት ነገር

ሲልቨርስፕሪንግ_አቤ፦
ቶክን ላይ ተጠንቀቁ በናታችሁ። ድሮ ቃሉ ከባድ ነበር፣ በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት ላይ ቀስተ ደመናው የቃል ኪዳን ቶክን ነው ሚለው፣ የአብርሃም ግርዘትም እንደዛው ቶክን ነው። የአሁኖቹን ትርጉሞች ብታዩ ሁለቱም ቦታ ሳይን ሆኗል፣ የኛ አማርኛ ደሞ ድሮም አሁንም «የቃል ኪዳኑ ምልክት» ነው ሚለው። ለምን ቀየሩት ስትል ቶክን በመሃል ረከሰ። ኒውዮርክ ከ1953 እስከ 2003 ባቡር ምትገባበት ሳንቲም መሳይ ነገር ቶክን ነው ስሙ፣ ካዚኖም አለ፣ አሁን ደሞ ክሪፕቶው መጣ። ከዛ በላይ ግን እኛ እዚህ አሜሪካ ምንሰማው ሌላኛው ነው፣ መስሪያ ቤቱ አንድ ጥቁር ቀጥሮ ፎቶ ላይ ከፊት ሲያቆመው ያ ሰውዬ ቶክን ይባላል፣ ለስሙ ያህል የተቀመጠ ማለት ነው። ስድብ ነው ማለት ይቻላል። እና ማተብ ቶክን ነው ብሎ የተጻፈ ነገር እዚህ ያደገ ልጅ ቢያነብ «ለይስሙላ ነው እንዴ» ይላል።

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
ዋው የዘፍጥረቱን አላውቅም ነበር። እንደዛ ከሆነ ሳይን ኦፍ ፌይዝ ወይ ኦፍ ባፕቲዝም ሊሆን ነው። ሲምቦሉን ለመስቀሉ ልተውለት፣ ክርስትናን በአለም ሁሉ ሚወክል እሱ ነው።

የመሪጌታ_ልጅ፦
ኦፍ ባፕቲዝም በይ። ማተብ ከጥምቀት ጋር ነው ሚታሰረው። ደሞ ስናማትብ በእጃችን ምናደርገውን ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ ነው ሚሉት፣ እዛም ሲምቦል አይሉም፣ ስለዚህ ከቤተሰቡ አይወጣም።

ጉለሌ88፦
የሰዓቱስ? እሱ ቶክን ኦፍ ሪስፔክት አይደል፣ አቤ አሁን ደሞ ሊከለክለን ነው

ሲልቨርስፕሪንግ_አቤ፦
ሃሃ አልከለክልም። በእጅ ሚሰጥ ነገር ከሆነ ቶክን ነው፣ ሚደረግ ነገር ከሆነ ማርክ ነው። ለሞተ ሰው ባንዲራ ዝቅ ሲል፣ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ማርክ ኦፍ ሪስፔክት ነው። ሰዓት፣ ጋቢ፣ አበባ ቶክን ነው። ግን ቶክን ውስጥ «ትንሽ ናት፣ ይቅርታ» ሚል ትህትና አለ፣ ሰጪው ራሱ ሲለው ያምራል፣ ልክ ቤት ያፈራውን ነው እንደምንለው። ሌላ ሰው ቆሞ የወርቅ ሰዓትን ቶክን ሲለው ትንሽ ያሳንሰዋል። ሰዓቱ ምን አይነት ነው?

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
ወርቅ ቅብ፣ ስም የተቀረጸበት።

ሲልቨርስፕሪንግ_አቤ፦
በቃ ለአገልግሎቱ እውቅና ተሰጠው በይና ቃሉን ራሱ ዝለይው።

በጎ_ፈቃድ፦
ኤምብለም ላይ ማንም አልጻፈም፣ እኔ ልግባ። ቀይ መስቀል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል ስልጠና ላይ መጀመሪያ ሚነገረን ይሄ ነው። ነጭ መደብ ላይ ያለው ቀይ መስቀል በሕግ ኤምብለም ነው ሚባለው፣ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ከ1864 ነው፣ በ2005 ደሞ ቀይ ክሪስታል ተጨመረ። ኤምብለሙ ብቻውን፣ ምንም ጽሁፍ ሳይጨመርበት፣ ትልቅ ሆኖ ድንኳን ወይ መኪና ላይ ሲሆን «አትተኩሱ» ማለት ነው። የማህበሩ ስም አጠገቡ ገብቶ አነስ ብሎ ቲሸርት ላይ ሲሆን ሎጎ ነው። ያው ቀይ መስቀል ነው በሁለቱም፣ ስራው ግን ተለየ። ለጄኔቫ ስምምነቶቹ በተጨመረው የ1977ቱ ፕሮቶኮል ላይ ደሞ ሲግናልም አለ፣ የህክምና አውሮፕላንና መኪና ሚለዩበት መብራትና የሬድዮ መልእክት ነው፣ አሰልጣኝ ካለው ጋር ገጠመ። ለዚህ ነው ክሊኒክና ፋርማሲ በሩ ላይ ቀይ መስቀል ሲስል እኛ ምንንጫጫው፣ እነሱ የህክምና ሲምቦል መስሏቸው ነው፣ አይደለም። በኛ ታሪክም አለ፣ በታህሳስ 1928፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 30 1935፣ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ኤምብለሙ በግልጽ እየታየ ነው የጣሊያን አውሮፕላን የደበደበው።

ሕግ_ተማሪ፦
ጨምሩበት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ባንዲራው መሃል ላይ «ብሔራዊ ዓርማ» ይኖረዋል ሲል እንግሊዝኛው ናሽናል ኤምብለም ነው ሚለው። ዓርማ = ኤምብለም ብለሽ አይንሽን ጨፍነሽ ሂጂ። ስለ ዓርማው ራሱ ግን...

አወያይ፦
ስለ ዓርማው ራሱ ግን ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ሰንደቅ ዓላማ ጀምረን በሰላም ወጥተን አናውቅም።

ጋሽ_መኮንን፦
አወያዩ ደግ አደረጉ። እኔ አንበሳውን ብቻ ልበል። በአፄ ምኒልክ ማኅተም ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚለው ጋር ያለው አንበሳ ኤምብለም ነው፣ የታወቀ ቅርጽ አለው፣ የታወቀ ባለቤት አለው፣ ያ ቤት ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ለገሃር ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ሲወስዱት ግን የወሰዱት ሲምቦሉን ነው፣ ቅርጹንማ የትም ይቀርጹት ነበር። ኤምብለም በአዋጅ ይሻራል። ሲምቦል ግን አዋጅ አይሰማም፤ ዘውዱ ከወረደ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አንበሳው ጃማይካም ውስጥ፣ ቢራ ጠርሙስ ላይም፣ ቲሸርት ላይም አለ።

ጉለሌ88፦
አበበ ቢቂላስ ጋሼ? የአገር ሲምቦል ይባላል

ጋሽ_መኮንን፦
ሰው ሲሆን እንግሊዞቹ አይከን ይላሉ ልጄ። ሮም 1960 ላይ የሮጠባቸው ባዶ እግሮቹ ግን ሲምቦል ናቸው።

ሲስተር_ቲ፦
ኡፍ ይቺን ወደድኳት። እኔ ደሞ እጄን እየበላኝ ነው፣ ገንዘብ ላገኝ ነው መሰለኝ፣ እሱስ ምን ይባላል?

ኮድ_ጻፊው፦
ኦመን። ገድ በይው። ካሳከከሽ ሶስት ቀን ከሆነው ግን ሲምፕተም ነው ሲስተር ራስሽ ታውቂያለሽ

ሲስተር_ቲ፦
ሃሃሃሃ አንተ

ሲልቨርስፕሪንግ_አቤ፦
ሳልረሳው አንድ ነገር፣ አሜሪካና እንግሊዝ ራሳቸው አይግባቡም። እዚህ ስልክ ላይ ፓውንድ ተጫን ሲሉህ ሁለት ቋሚ ሁለት አግዳሚ ያላትን ቁልፍ ነው። አገር ቤት በካርድ ስንደውል «ፒኑን አስገብተህ ፓውንድ ተጫን» ሚለውን ማን ይረሳል። የለንደን ዘመዴ ግን ፓውንድ ሳይን ስለው የገንዘባቸውን ነው ሚያስበው፣ ቁልፏን ሃሽ ነው ሚላት። ስለዚህ ሰናይት አንባቢሽ የየት አገር እንግሊዝኛ እንደሚጠብቅ ጠይቂ።

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
እሺ አቤ እጠይቃለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ማተቡ፣ አንበሳው፣ ሰዓቱና ጥይቱ አልቀዋል፣ የዜማውን የመሪጌታ ልጅ እንዳለው «ምልክት» ብዬ እንዳለ ትቼ አጠገቡ አንድ መስመር ማብራሪያ እጨምርበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረችኝ፣ ጋሼ ሲያነሱት ነው ትዝ ያለኝ፣ አንድ ደብዳቤ አለ ስሩ ማህተም ያረፈበት። እሱ ስታምፕ ነው ወይስ «ሲል»?

ሕግ_ተማሪ፦
የንጉስ ወይ የመንግስት ከሆነ «ሲል» ነው፣ እጀታ ያለው መምቻው እቃም ወረቀቱ ላይ የታተመው ቅርጽም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስታምፕ ቀበሌ ሄደሽ «ክብ ማህተም የለውም» ብለው ሚመልሱሽ ነው። ደብዳቤው የማን ነው?

ሰናይት_ተርጓሚዋ፦
የአንድ ደጃዝማች።

ሕግ_ተማሪ፦
«ሲል» በይው፣ ማህተሙ ላይ ስሙ ካለ ስሙንም አብረሽ ጻፊ፣ የግል ስለሆነ ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጎብኚው የቤተ መንግስት ይመስለዋል።

ጋሽ_መኮንን፦
ስሙ ብዙ ጊዜ ክቡን ተከትሎ ነው የሚጻፈው፣ ወረቀቱን እያዞርሽ አንብቢው።